ሦስት ጣት ወደ ግራ

ሒርማታ ገበያ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
ሰዓት እጠግናለሁ፤ ሲጠፋ ራዲዮን።
ባሕር አላየሁም። የማውቀው ውሃ ቢኖር
አዌቱ ነው፣ ድልድይ ሥር ከአሮጌ ጫማ ጋር የሚያድር።
ሰኞ ማለዳ የሐምዛን ሰዓት ለሦስተኛ ጊዜ ከፍቼ፣
(‹ትቀድማለች› ይላል ዳቦ ጋጋሪው፤ እኔ ግን ምክንያቷን አጥቼ)
ሳጉረመርም፣ ነዚፍ አባ ቢያ
የጀልባ ኮምፓስ ይዞ ከተፍ አለ ከአሰንዳቦ ወዲያ።

በእናቱ ሻሽ ጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ጫጩት
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፣ ከቆሙት ሰዓቶች ፊት።
‹ሽብሩ፣ በሞቴ፣ ይሄን ነገር እየው፤
ጉም ግድቡ ላይ ሲወርድ ዓይናችን እሱ ነው።
ቅዳሜ «ወደ መረቡ» ብሎ መራንና
ጉሙ ሲገለጥ የቆምነው ሰው በቆሎ ውስጥ ነውና!›

መስተዋቱን ጠረግሁ። ከላይ የአየር አረፋ፣
የአተር ፍሬ የሚያክል፣ በገፋሁት የሚገፋ።
ፈሳሹ አንሶ፣ ጎማው ተሰነጣጥቆ፣
ክቡ ሰሌዳ ተኝቷል ባንድ ጎኑ ወድቆ፤
ምሥራቅና ደቡቡን ፀሐይ ልሳ ጨርሳ
ሰሜን ብቻ ቀርታለች፣ ቀይ ቀለሟን ለብሳ።

ጎማውን ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ ተካሁ፤
ሹሏን መቆሚያ በጥርስ ሳሙና፣ ትንፋሼን ይዤ ወለወልሁ።
ቀረ ፈሳሹ። መጽሐፍ የለኝ የሚነግረኝ ቀመሩን፤
በጣቴ አሻሽቼ አሸተትሁት የተረፈውን ጠብታውን፦
አልኮል ነው። ፋርማሲው ግን ‹አልቋል› ብሎ መለሰኝ፤
ወይዘሮ ብርቄ ዘንድ ሄድሁ፣ ዳግም አረቄ ቀዳችልኝ።
‹አባቴ እንዳይሰማ› አለ ነዚፍ፣ ወደ በሩ እያየ፤
‹ሐራም ጠጥቶ መንገድ የሚመራ ማን ታየ?›
በመርፌ ሞላሁት፣ ጠብታ በጠብታ፣ አረፋዋ እስክትጠፋ፤
ሰሌዳው እንደ እንቅልፋም ልጅ ተንጠራርቶ
ዞረ፣ ዞረና ወደ ሰሜን ተደፋ።

ማክሰኞ ግድቡ ላይ። ጉም የለም፤ ውሃው እንደ አዲስ ቆርቆሮ ጣራ።
ከትንሿ መስጊድ ደጅ አባ ቢያ ቆመው፣ በከዘራ
አየሩን ሰነጠቁት፦ ‹ቂብላ በዚህ ነው፤ ከሰሜን
ትንሽ ወደ ቀኝ። ስልሳ ዓመት ሰግጄበታለሁ። ያንተው ምን ይለን?›

ያንተው ማለት ኮምፓሱ ነው። እጄን ዘርግቼ ለካሁ፦
ሦስት ጣት ወደ ግራ። ወደ ምሥራቅ አዞርናት፦ ሁለት።
ወደ ደቡብ፦ ምንም። ደግሜ አየሁ።
‹ብረት አለ› አልሁ። መልሕቁን አወጣን፤ የዓሣ ቢላዋውን፤
ነዚፍ ስልኩን አወጣ፣ ቁልፉን፣ ዘለበታም ቀበቶውን፤
ታናሹ ሙራድ ራዲዮኗን (ድምፅ ማጉያዋ ማግኔት አለበት)
አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዳር ወጣ፣ እየዘፈነችበት።
ሞተሩን ለሁለት አንሥተን ሣሩ ላይ አጋደምነው።
ጀልባዋ እንጨት ብቻ ቀረች። ሰሌዳው ግን ያው ነው።

አባ ቢያ ከዳር ሆነው፣ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው፣
‹አንተስ?› አሉኝ። ‹አንተም ውረድ› — ከዘራቸውን ዘርግተው።
ወረድሁ። ውሃው እስከ ጉልበቴ።
‹ቀና!› ብሎ ጮኸ ነዚፍ። ‹እግዚኦ፣ ቀና!›
ደረት ኪሴን ዳበስሁ፣ ከነተበው ካፖርቴ፦
መፍቻዬ። ያቺ ትንሿ። ብሎን እንዳይወድቅብኝ ብዬ
በማግኔት ያሸኋት፣ ሃያ ዓመት ከልቤ ላይ ያላወረድኋት መፍቻዬ።

ሞተሩን ስንመልስ ግማሽ ጣት ስሕተት ቀረ፤
የማግኔት ስባሪ በማስቲካ ለጠፍሁ፣ ከሥሩ፤ ዞረ፤
የተረፈችውን የፀጉር ስፋት ተውናት።
አባ ቢያ ጎንበስ ብለው ኮምፓሱን አሸተቱት፤
ነዚፍን አዩት። እኔን አዩኝ። ሰላቱ ደርሶ ነበር፤ ሄዱ፣ ተዉት።

ማታ ሒርማታ ደረስሁ። መፍቻዋን በሱቁ መስኮት ወርውሬ
ሐምዛ ዳቦ ቤት ገባሁ፣ በዚያው በጭቃ እግሬ።
ዱቄታም እጁን አራግፎ ‹ምነው በማታ?› ሲለኝ፣
‹ያቺን ሰዓት እስቲ ስጠኝ› አልሁት። ‹አንተ ልክ ነበርህ። እኔ ነኝ።›